የተዘጋ መስኮት

«መስኮቱን ዝጉት፤ ንፋስ ይመታናል!» የማይባልበት አውቶቡስ በአገራችን ይኖር ይሆን? እኔም በተማሪነቴ ዘመን በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት በመክፈቴ ስንት ጊዜ ተቈጥተውኛል። ሰዎቹ የፈሩት የሚገባውን ንፋስ ነበር። ነገር ግን ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው የማይወጣው ትንፋሽ ነው። ይህንንም ለመረዳት የደቡብ አፍሪካን ወጣቶች ሁኔታ መመልከት ይበቃል።

በኬፕታውን አጠገብ ማሲፑሜሌሌ የምትባል የድኾች መንደር አለች። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 ገደማ በዚያ ከሚኖሩት አራት ጐልማሶች አንዱ ያህሉ ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ነበረበት። ይህ ቫይረስ የሰውነትን የመከላከል ኃይል ሲያደክም፣ በሳንባ ውስጥ አድፍጦ የኖረው የነቀርሳ ጀርም ይነሣል። ጐልማሳው ይታመማል፤ ያስላልም። በአንዲት ክፍል አብሮት የሚያድረው፣ በአንድ ታክሲ አብሮት የሚሳፈረው ወጣት ደግሞ ትንፋሹን ይካፈላል። እንግዲህ ኤች.አይ.ቪ. ያልነካው ልጅ እንኳ ዕዳውን ይከፍላል ማለት ነው።

በዚያው ክፍለ ሀገር፣ በዉስተር ከተማ አካባቢ፣ ከ2005 እስከ 2007 ድረስ ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው ከ5,000 የሚበልጡ ተማሪዎች ተመርምረው ነበር። ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ ጀርሙ በሰውነታቸው ገብቶ ተገኘ። ይህ ሁሉም ታመዋል ማለት አይደለም። ጀርሙ ከገባባቸው ጤነኛ ሰዎች መካከል በዕድሜያቸው ሙሉ የሚታመሙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ኖሮ ሕክምና ለማያገኝ ወጣት ግን አደጋው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በሕፃንነት የተወጋነው የቢ.ሲ.ጂ. ክትባትስ? ሕፃናትን ከከባዱ የነቀርሳ ዓይነት ይጠብቃል፤ ኃይሉ ግን እስከ ጕርምስና እምብዛም አይዘልቅም። ጐረምሳ ደግሞ እንደ ሕፃን ቤት አይውልም፤ ቀኑን በተጨናነቀ የትምህርት ክፍል፣ በታክሲና በስብሰባ ያሳልፋል።

መድኃኒቱ አለ። የታመመው በወራት ሕክምና ይድናል፤ ጀርሙ ብቻ ያለበትም አስቀድሞ በሚወሰድ ኪኒን ከሕመም ይጠበቃል፤ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትም አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። ትልቁ መሰናክል ሐሜት ነው። ሳል የያዘው ተማሪ «ኤች.አይ.ቪ. አለበት» እንዳይባል ሳሉን ይደብቃል፤ እስኪመረመርም ድረስ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ክፍል ይተነፍሳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ነገር ግን እንዲደብቅ ያስገደድነው እኛ ከሆንን ጥፋቱ የማን ነው?

ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ ነገ የትምህርት ቤት ፕላን ለፊርማ ሲቀርብላችሁ ስለ መስኮቱ ጠይቁ። ተማሪዎችም ሆይ፣ የሚያስለውን ጓደኛችሁን ከመሸሽ ይልቅ ወደ ሐኪም ሸኙት። እኔም ከእንግዲህ በአውቶቡስ ብቈጣም መስኮቴን አልዘጋም።