ኤሌክትሮድ ስንት አቃጠልክ?

ስሜን አትጠይቁኝ። የብየዳ መዛኝ ነኝ፤ የምዘና ማዕከሉ ሲጠራኝ ሄጄ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ተመዛኞችን «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ብዬ ቅጽ የምሞላ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ያምራል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሠልጣኝ በተማረበት ቤት ሳይሆን መሥራት በሚችለው ይለካ ይላል። ጀርመኖችም መክረውበታል። ከዚያ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን።

ወረቀቱ እዚያው ይቅርና፣ ብየዳ የሚለመደው ኤሌክትሮድ በማቃጠል ነው። ሌላ መንገድ የለውም። እኔ በማውቀው ኮሌጅ ግን አንዷን ኤሌክትሮድ አምስት ልጅ ይቀባበላታል። በጀቱ ደመወዝ ከፍሎ ያልቃል። ለማሽን ለጋሽ ይገኛል፤ ተቃጥሎ ለሚያልቅ ነገር ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ግን አላየሁም።

ምዘና ሲቃረብ ኤሌክትሮዱ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ይመጣል። ያኔ ልጆቹ ሌት ተቀን የሚለማመዱት ሙያውን እንዳይመስላችሁ። መመዘኛውን «ፕሮጀክት» ነው። የአምናው ሥዕል በቴሌግራም ይዞራል። አንዱ መጋጠሚያውን አሳምሮ ጨረሰልኝና «እስቲ ያቺን የተሰበረች ወንበር በይድልኝ» አልኩት። ስሱን ቱቦላሬ አምፔሩን ሳይቀንስ ነካው፤ በሳው። ቅጹ ስለ ወንበር አይጠይቅም። «ብቁ» ብዬ ፈረምኩ።

በድርጅት ውስጥ የሚደረገው የትብብር ሥልጠና ደግሞ ሎግ ቡክ ላይ ያልቃል። ባለ ጋራዡ ሠልጣኙን «ሞልተህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» ይለዋል። አልፈርድበትም፤ የሚበላሸው ብረት የእሱ ነው፣ ስላሠለጠነ የሚከፍለው የለም።

በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲወጡ፣ ጣት ሁሉ ወደ እኛ ተቀሰረ፤ «ለቀሩት ቴክኒክና ሙያ አለላቸው»። ወርክሾፑ ውስጥ ተያይተን ሳቅን። ሙያ የወዳቂ ማቆያ ተደርጎ ሲቆጠር የኖረበት አገር ነው፤ አሁን ደግሞ ማቆያው ጠበበ።

ቀጣዩ ምዘና ቅዳሜ ነው። ዛሬ ጠዋት የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ጋሼ፣ ፕሮጀክቱ ያው የአምናው ነው አይደል?»

«እስካሁን ኤሌክትሮድ ስንት አቃጠልክ?»

ዝም ብሎ ቆጠረ።

«ስድስት።»