እግርዎን ሲያሠለጥኑ ሆድዎንም ያሠልጥኑ

ማለዳ ተነስተው ሩጫ ጀምረዋል እንበል። የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ቀላል ነበሩ። ፍጥነት ሲጨምሩ ግን ሆድዎን ይቆርጥዎታል፤ ያቅለሸልሽዎታል፤ ዓይንዎ መፀዳጃ ቤት መፈለግ ይጀምራል። ብዙ ሰዎች ስለሚያፍሩ አይናገሩትም እንጂ ይህ ችግር በጀማሪዎችም ሆነ በታወቁ አትሌቶች ላይ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ በህዳር ወር እንደሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ላሉ ውድድሮች የሚዘጋጁ ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

ለምን ይከሰታል?

ከባድ እንቅስቃሴ ስናደርግ ሰውነታችን ደምን በብዛት ወደ ጡንቻዎችና ወደ ቆዳ ይልካል። ወደ ጨጓራና አንጀት የሚሄደው ደም በእጅጉ ይቀንሳል። በዚህም የምግብ መፈጨት ይዘገያል፤ የአንጀት የውስጥ ሽፋንም ሊጎዳ ይችላል። በሩጫ ጊዜ ደግሞ የሆድ ዕቃ በየእርምጃው ስለሚናጥ ቁርጠትና ተቅማጥ በሯጮች ላይ ይበዛል። ሙቀትና የፈሳሽ እጥረት ሲታከሉበት ይብሳል።

እንዴት ይከላከሉት?

• ዋና ምግብዎን ከሩጫው ከ2 እስከ 3 ሰዓት አስቀድመው ይመገቡ። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንችና ሙዝ ለሆድ ይቀላሉ።

• ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ጥሬ አትክልትና ቅባት የበዛበት ምግብ ይቀንሱ። እነዚህ ለጤና ጠቃሚ ቢሆኑም (ከቅባቱ በስተቀር) በሩጫ ሰዓት ሆድን ይነፋሉ። ወተትና ቡና የማይስማማዎት ከሆነም በዚያ ጠዋት ይተዉአቸው።

• በውድድር ቀን አዲስ ነገር አይሞክሩ። በሶም ሆነ ሌላ መጠጥ መጠቀም ካሰቡ ከሳምንታት በፊት በልምምድ ላይ ይሞክሩት። ሆድም እንደ እግር ቀስ በቀስ ይለምዳል።

• ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጎንጩ። በአንዴ ብዙ መጠጣት ያቅለሸልሻል፤ ለረጅም ሰዓት ከመጠን ያለፈ ውሃ መጠጣትም የደምን የጨው መጠን አውርዶ ለአደጋ ይዳርጋል። ለስላሳ መጠጦች ስኳራቸው ብዙ ስለሆነ ተቅማጥ ሊያስከትሉ ይችላሉ።

ከሩጫ በፊት ማስታገሻ አይዋጡ

«ጉልበቴን እንዳያመኝ» ብለው ከሩጫ በፊት አይቡፕሮፊን ወይም ዳይክሎፍናክ የሚውጡ ጥቂት አይደሉም። እነዚህ መድኃኒቶች ደም ባነሰው አንጀት ላይ ጉዳቱን ያባብሳሉ፤ የጨጓራ መድማትም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ፈሳሽ ላጣ ሰው ደግሞ ለኩላሊትም ያሰጋሉ። ጉልበትዎ ያለ ማስታገሻ የማያስሮጥዎ ከሆነ የሚያስፈልግዎ ዕረፍትና ምርመራ ነው።

ሕመሙ ከጀመረዎትስ?

ፍጥነትዎን ይቀንሱ ወይም በእርምጃ ይሂዱ። ደም ወደ አንጀት ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ይሻልዎታል። ካዞረዎት ግን ያቁሙ፤ ጥላ ቦታ ይረፉ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከነበረ ኦአርኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹህ ውሃ በጥብጠው ይጠጡ።

ወደ ሕክምና መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ያለበት ትውከት፣ ካረፉም በኋላ የማይተው ከባድ የሆድ ሕመም ከታየብዎ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሳይሮጡም ተቅማጡ ከቀጠለ ጃርዲያ፣ አሜባ ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የሰገራ ምርመራ ያድርጉ።

አንድ ነገር በተለይ ልብ ይበሉ። ደረትዎን ወይም ከእምብርትዎ በላይ ሲንቀሳቀሱ የሚያምዎትና ሲያርፉ የሚተውዎ ከሆነ፣ በተለይም ዕድሜዎ ከ40 በላይ ከሆነ፣ «ጨጓራዬ ነው» ብለው አይለፉት። የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላልና ሩጫውን አቁመው ይመርመሩ። ካረፉም በኋላ ካልተወዎት ወይም ላብና የትንፋሽ ማጠር ከተከተለ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

መልካም ጤንነት!