«ሁለት ሰዓት» ማለት መቼ ነው? በባሕር ማዶ ኑሮ ስለ ታዘብሁት የሰዓት አቆጣጠር



ከውጭ ሀገር የተመለሰ ሰው ስለ ምግቡና ስለ ብርዱ ሲናገር መስማት የተለመደ ነው። እኔ ዛሬ ስለ ሰዓት አቆጣጠር እናገራለሁ፤ በእርሱ የተነሣ እናቴን አስጨንቄአታለሁና።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስዊድን ሀገር፣ ኡፕሳላ ከተማ ስማር፣ ሽንዲ አጠገብ ገጠር ለምትኖረው እናቴ ደብዳቤ ጻፍሁ። በታኅሣሥ ወር በአንድ ቅዳሜ፣ በ2 ሰዓት፣ ቡሬ በሚገኘው የቴሌ ጽሕፈት ቤት ሆና ስልኬን እንድትጠብቅ ለመንኋት። በብርዱ ወራት እኛ ስዊድኖችን በሁለት ሰዓት እንደምንቀድማቸው በጥንቃቄ አስልቼ ነበር። ሆኖም 2 ሰዓት ብዬ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ያለውን፣ በእኛ 8 ሰዓት የሚባለውን ነበር። እናቴ ዋዜማውን ቡሬ ዘመድ ቤት አድራ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደረሰች። ስልኩ እስኪጮኽ ድረስ፣ «ልጄን ምን አገኘብኝ» እያለች፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

ልዩነቱ ከየት የመጣ ነው? የእኛ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ጎጃም ከምድር ወገብ እምብዛም ስለማይርቅ፣ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ገበሬው ፀሐይዋን አይቶ ሰዓቱን ቢናገር ብዙ አይስትም። በኡፕሳላ ግን ፀሐይ በሰኔ ከ18 ሰዓት በላይ ትታያለች፤ በታኅሣሥ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ቆይታ ትጠልቃለች። በዚያ ሀገር ከንጋት ልቁጠር የሚል ሰው መነሻው በየሳምንቱ ይሸሽበታል፤ ከእኩለ ሌሊት መቁጠር የሚመቸውም ለዚህ ነው።

ከንጋት መቁጠር የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ከንጋት አንድ ሰዓት በኋላ ያለውን 1 ሰዓት ይሉታል። ወንጌል የስቅለት ዕለት ጨለማ በስድስት ሰዓት እንደ ጀመረ ሲተርክም፣ የእኛ ምእመን ቀትር መሆኑን ሳይነገረው ያውቃል፤ አውሮፓዊው አንባቢ ግን ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

ለትምህርት ወደ ውጭ የምትሄዱ ተማሪዎች፣ ለቤተሰብ ቀጠሮ ስትሰጡ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀትር በኋላ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። እኔ ያችን አንዲት ቃል ባለመጻፌ እናቴ ግማሽ ቀን ተጨንቃለች።

በስልክ ይቅርታ ስጠይቃት አልተቆጣችም። «እዚያ ሀገር የሚነጋው በስድስት ሰዓት ነው እንዴ፣ ልጄ?» አለችኝ። በኡፕሳላ ቀትር ነበር፤ በመስኮቱ የምትታየኝ ፀሐይ ግን ገና እንደ ወጣች ሁሉ ከቤቶቹ ጣሪያ አልራቀችም። አይደለም ለማለት አንደበቴ ተያዘ።