ቃርና የመዋጥ ችግር፦ የምግብ ቧንቧ ሕመሞች አለያየት

“ጨጓራዬን ያመኛል” በሚለው አገላለጽ ውስጥ በርካታ የምግብ ቧንቧ ሕመሞች ሊሸሸጉ ይችላሉ። እንደ ደጎሎ ባሉ የደጋ ከተሞች፣ ኢንዶስኮፒ በሌለበት ጤና ጣቢያ፣ ዋነኛው የምርመራ መሣሪያ በጥንቃቄ የተወሰደ የሕመም ታሪክ ነው።

ከምግብ በኋላ ወይም ሲጋደሙ ከደረት አጥንት ጀርባ የሚያቃጥል ቃርና ወደ አፍ የሚመለስ ጎምዛዛ ፈሳሽ የአሲድ መመለስን ያመለክታሉ። የልብ ሕመም አለመሆኑ ከተጣራና አስጊ ምልክት ከሌለ ለአዋቂ ሰው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት፣ ለ8 ሳምንታት ይሰጣል። ይሁን እንጂ በመድኃኒቱ መሻል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

የመዋጥ ችግር ግን የመድኃኒት ሙከራ ሊጠበቅበት አይገባም። በመጀመሪያ እንጀራ፣ ቆይቶም አጥሚት አልወርድ ካለ የቧንቧ መጥበብ ወይም ካንሰር ይጠረጠራል። ጠጣሩም ፈሳሹም ከመነሻው አብረው ካስቸገሩ እንደ አካሌዢያ ያለ የእንቅስቃሴ መታወክ ይታሰባል። ሲውጡ የሚሰማ ሕመም በተለይ ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ሰዎች ካንዲዳን ያስጠረጥራል። ሕመምተኛው እንጀራ ትቶ በአጥሚት የሚኖር ከሆነ ችግሩን ላያነሣው ስለሚችል “መብላት ያቆሙት ምግብ አለ?” ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የመዋጥ ችግር፣ የክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ ወይም ደም ማስታወክ የታየበት ሕመምተኛ ሳይዘገይ ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ይላካል።