አርታኢ ያላየው ጥናት

በጎንደር በኅብረተሰብ ጤና ማስተርሱን የሠራ ሁሉ 384 የምትባለዋን ቁጥር ያውቃታል። የአንድ ችግር ስርጭት ቀድሞ ካልታወቀ «50 በመቶ ይሁን» ተብሎ ሲሰላ የሚመጣው የናሙና መጠን ነው፤ መልስ ለማይሰጡ አሥር በመቶ ሲታከልበት 422 ወይም 423 ይሆናል። መጠይቁ ይሞላል፣ ሎጂስቲክ ሪግሬሽኑ ይሠራል፣ ርእሱም «የእንዲህ ያለው ችግር ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶቹ፣ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ» ይባላል። ዘዴው ነውር የለበትም። ነውሩ በሽታውንና ወረዳውን እየቀያየሩ ያንኑ መደጋገም መቻሉ ነው። «ደባርቅ ላይ ከተሠራው ተመሳሳይ ጥናት ምን የተለየ አገኘህ?» ብሎ ጽሑፉን የሚመልስ አርታኢ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

መምህሩ ግን የሚቸኩልበት ምክንያት አለው፤ የማዕረግ ዕድገት የሚሰጠው የታተመ ጽሑፍ ተቆጥሮ ነው። የአገር ውስጥ ጆርናሎች አሉ። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ያሳትማል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የራሱ የጤና ጆርናል አለው። አርታኢዎቻቸው ግን በሽተኛ አክመው፣ ክፍል አስተምረው በተረፋቸው ሰዓት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ገምጋሚውም በነጻ ነው የሚያገለግለው። ስለዚህ ወረፋው ይረዝማል፣ ጽሑፉም ወደ ውጭ ይሄዳል።

ውጭ ያለው ገበያ የሚያተርፈው በብዛት ነው። ጽሑፉ ለአንባቢ ነጻ ይሆንና ክፍያው በጸሐፊው ላይ ይወድቃል። ኢትዮጵያ ድሃ ስለሆነች ትልልቆቹ አሳታሚዎች ብዙ ጊዜ ይምሯታል፤ የማይምሩት መቶና ሁለት መቶ ዶላር ተቀብለው ሳያነቡ የሚያትሙት ናቸው። ትልልቆቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1997 ካይሮ ላይ የተመሠረተውን አሳታሚ ሂንዳዊን ሌላው አሳታሚ ዋይሊ በ2021 በ298 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። «ልዩ እትም» በሚባለው ቀዳዳ፣ በተጋባዥ አርታኢዎች በኩል፣ በገንዘብ የሚፈበረኩ ጽሑፎች እንደ ጎርፍ ገቡ። በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎች ተሰረዙ፤ የሂንዳዊ ስምም ቀረ።

ለዚህ ጎርፍ ማሽኑም አግዟል። ዛሬ ከሌላ ጽሑፍ ጋር የመመሳሰልን መጠን የሚለካው፣ የገምጋሚ ስም የሚጠቁመው ሶፍትዌር ነው። ቃል በሚቀያይር ፕሮግራም የታሸ ጽሑፍ ግን ልኬቱን ያልፋል፤ ፈረንሳዊው ጊዮም ካባናክና ባልደረቦቹ ካጋለጧቸው ጽሑፎች አንዳንዶቹ «የጡት ካንሰር»ን «የጉያ አደጋ» ብለውት ነበር። አንድ ጊዜ ዓይኑን የጣለበት ሰው ይህን አያሳልፍም።

ለዳባት ይህ ምን ያገባታል? ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ያለችው ዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል መቀመጫ ናት። የማዕከሉ የነዋሪዎች ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፦ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቀቀ ብለው ይጽፋሉ። ሐዘን ከገባበት ቤት ተቀምጠው ሟቹ እንዴት እንደታመመ ይጠይቃሉ፤ ሐኪሞች ከመልሱ ተነሥተው የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። በዚህ ልፋት የተገኘ መረጃ ስሙ በጎደፈ ጆርናል ከወጣ፣ ጽሑፉ ራሱ እንከን ባይኖረውም በጥርጣሬ ይነበባል። ብዙ የጎንደር ተመራማሪዎች በሂንዳዊ ጆርናሎች ሐቀኛ ሥራ አሳትመዋል።

እኛ ዘንድ የተመረጠው መፍትሔ ዝርዝር ማውጣት ነው፦ ይህ ጆርናል ይቆጠራል፣ ያ አይቆጠርም። ዝርዝር ሌባውን ያርቃል፤ ጽሑፉን ግን አያነብም። ከተሰረዙት የሂንዳዊ ጽሑፎች ብዙዎቹ የወጡት እንዲህ ባሉ ዝርዝሮች፣ በስኮፐስና በዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ በተመዘገቡ ጆርናሎች ነበር።