በወር ሁለት እሑድ

ለአገር ቤት ዘመድ የምንልከው ፎቶ ሁሉ የሚነሳው እሑድ ቀን ነው። ማይን ወንዝ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ አይስክሬም ይዘን፣ ከኋላችን የፍራንክፈርት ባንኮች ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ተደርድረው። ፎቶው ሲደርሳቸው «እናንተማ ዓለማችሁን እየቀጫችሁ ነው!» ይሉናል። አንፈርድባቸውም። ሰኞ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ተኩል አውቶቡስ ሊነዳ ከቤት የሚወጣን ሰው ማን ፎቶ ያነሳዋል?

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እኔ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እሠራለሁ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የማለዳ ፈረቃ ስለሆነ ሌሊት ወጥቶ ሰባት ሰዓት ገደማ ይመለሳል። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስሆን ለሰባት ሩብ ጉዳይ ወጥቼ የምገባው ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እሱ ያን ጊዜ አንድ እንቅልፍ ተኝቷል። ስለዚህ በሥራ ቀን ትዳራችን ያለው ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ በትንንሽ ቢጫ ወረቀቶች ነው። «ሽሮው ከታችኛው መደርደሪያ ነው።» «የመብራት ሒሳብ መጥቷል፣ እየው።» «ሌሊት ስትስል ነበር፣ ዝንጅብል አፍላ።» አንዳንዴ ወረቀቱ ላይ ምንም ቁም ነገር አይኖርም፤ «ደህና ዋልሽ?» ብቻ።

ለእንዲህ ዓይነት ሰው እሑድ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ጀርመን አገር እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። ባቡር ጣቢያ ያሉ መደብሮች፣ ነዳጅ ማደያዎችና ለጥቂት ሰዓት ብቅ የሚሉ ዳቦ ቤቶች ካልሆኑ በቀር ገበያ የሚባል ነገር የለም፤ ቅዳሜ ማታ ሱፐርማርኬቱ የበዓል ዋዜማ ነው የሚመስለው። ነገሩ ደግሞ የነጋዴ ልማድ ብቻ አይደለም። እሑድ የዕረፍትና የመንፈስ መታደሻ ቀን ሆኖ እንዲጠበቅ በ1919 እ.ኤ.አ. የወጣው የቫይማር ሕገ መንግሥት ደንግጎት ነበር፤ በ1949 የጸደቀው የአሁኑ ሕገ መንግሥትም ያንኑ አንቀጽ ወርሶታል። በመኖሪያ ሰፈር እሑድ የሣር ማጨጃ ሞተር ማስነሳት ክልክል ነው። ግድግዳ በመሰርሰሪያ የሚበሳ ሰው ካለማ ጎረቤት መጥቶ ያንኳኳበታል።

ግን ሁሉም ሰው አያርፍም። እሑድ ቀንም አረጋውያን መታጠብና መብላት አለባቸው፤ አውቶቡስም እሑድ አይቆምም። ለእኛ ዓይነቱ ሠራተኛ ሕጉ የሚያረጋግጥለት በዓመት ቢያንስ 15 እሑድ ዕረፍት ነው። በሌላው እሑድ የሚሠራ ሰው ብዙ ቦታ ጭማሪ ይከፈለዋል፤ ከመደበኛው የሰዓት ክፍያ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ጭማሪ ደግሞ ግብር አይቆረጥበትም። ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት የተገኘውን እሑድ ሁሉ ሠራን። እውነቱን ለመናገር ወደ አገር ቤት የምንልከው ገንዘብ ጥሩው ክፍል የእሑድ ገንዘብ ነበር።

አንድ ቀን ባለቤቴ ወረቀት ላይ አልጻፈውም፣ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። «በወር ሁለት እሑድ አብረን እንረፍ። ገንዘቡ ይቀንሳል፣ አውቃለሁ» አለ። ለሁለት ሳምንት ሒሳብ ስንደምር ስንቀንስ ከረምን። የታናሽ ወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ የማይነካ ነው። የአማቴም የመድኃኒት ወጪ እንዲሁ። በመጨረሻ የተነካው ሁለታችንም ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ ልንመጣ የያዝነው ዕቅድ ሆነ። በሁለት ቲኬት ፋንታ አንድ ቲኬት ቆርጠን አማቴን እዚህ ለማምጣት ተስማማን። ለአባቴ ስልክ ደውዬ የሚላከው ገንዘብ እንደሚቀንስ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «እኔ ሰንበታችሁን ሽጡልኝ ብያለሁ?» አለኝ። እናቴ ግን ስልኩን ተቀብላ ስንት እንደሚቀንስ በትክክል ጠየቀችኝ። ልክ ናት፤ ጤፍ የምትገዛው እሷ ናት።

እሑዶቹ ሲገኙ የምናርፍበት ቦታ ደግሞ ያስፈልጋል። ሦስት ዓመት ተራ ጠብቀን ያገኘናት ቁራሽ መሬት አለችን። ጀርመኖች ክላይንጋርተን ወይም ሽሬበርጋርተን ይሉታል፤ ከተማ ዳር በማኅበር የተያዘ ሰፊ ግቢ፣ ለየቤተሰቡ በአጥር የተሸነሸነ። በአገሩ ሁሉ ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ እንዲህ ያለ አትክልት ቦታ አለ። አጀማመሩ ለወላጆች የሚጥም ታሪክ ነው። በ1864 ላይፕሲሽ ከተማ ውስጥ አንድ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ከወላጆች ጋር ሆኖ ማኅበር አቋቋመና በሐኪሙ ሞሪትስ ሽሬበር ስም ሰየመው። ዓላማው ለከተማ ልጆች መጫወቻ ሜዳ ማዘጋጀት ነበር። ኋላ አንድ ጡረተኛ መምህር ልጆቹ እንዲንከባከቧቸው በሜዳው ዳር የአትክልት መደቦች አዘጋጀ። ልጆቹ ብዙም ሳይቆዩ ሰለቻቸው፤ አረሙን ሲነቅሉ የተገኙት ወላጆች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መደቡ የቤተሰብ ሆኖ ቀረ።

ሕጉ እንደ ጀርመን ሕግ ጥብቅ ነው። ቦታው ከ400 ካሬ ሜትር፣ ጎጆዋ ከነበረንዳዋ ከ24 ካሬ ሜትር እንዳትበልጥ፤ ጎጆዋ ውስጥ መኖር አይቻልም፤ ከመሬቱ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ፍራፍሬና አትክልት መሆን አለበት። ለሀበሻ ይኼ ሦስተኛው አያስጨንቅም። ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥርና ቃሪያ ተከልን። ጤና አዳም ከችግኝ መሸጫ በጀርመንኛ ስሙ ገዛን፤ የእኛው የሥጋ ዘመድ ነው፣ ለቡና ይሆናል።

አማቴ የመጡት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በሦስት ወር ቪዛ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቡና ሊቆሉ ብረት ምጣዱን ጣዱ። ጣሪያው ላይ ያለችው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸች፤ ከፎቅ ጎረቤታችን በነጠላ ጫማ ወረደች። ከዚያ በኋላ ቡናው ወደ አትክልት ቦታው ተዛወረ። እኛ ማኅበር ውስጥ የከሰል ማንደጃ ይፈቀዳል።

ማቀዝቀዣው በር ላይ ያሉትን ወረቀቶች ግን ቆመው ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ልጃቸው አነበበላቸው። «እናንተ ባልና ሚስት ናችሁ ወይስ ተረኛ ዘበኛ?» አሉ። ስቀን ልናልፈው ብንልም እሳቸው አልሳቁም።

ግንቦት ልደታ የሥራ ቀን ላይ ዋለች። እኔ ንፍሮውን ለእሑድ እናቆየው ብል «ልደታ ፈረቃ አታውቅም» አሉኝ። ከልጃቸው ጋር አትክልት ቦታው ሄደው ስንዴና ሽምብራውን ከሰል ላይ ቀቀሉ። አጠገባችን ያሉት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጀርመናዊ ሽታው ስቧቸው አጥሩ ጋ መጡ፤ ንፍሮ በሳህን ተሰጣቸው። እሳቸውም በአጸፋው አንድ ምክር ሰጡ፦ ቲማቲሙን አሁን እንዳትተክሉ። በዚህ አገር ከግንቦት 3 እስከ 7 ያሉት ቀናት «የበረዶ ቅዱሳን» ይባላሉ፤ የመጨረሻዋ «ቀዝቃዛዋ ሶፊያ» ናት። እሷ ሳታልፍ ውርጭ ሊመለስ ይችላል፣ ለስላሳ ችግኝ ውጭ አይተከልም። ባለቤቴ ሲተረጉምላቸው አማቴ ፊታቸው በራ። «እዚህም በቅዱሳን ነው እንዴ የሚዘራው?» ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰውዬውን ቃል እንደ አጥቢያቸው ቄስ ቃል ነበር የሚቀበሉት።

ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ስገባ የእኔ ድርሻ ተከድኖ ይጠብቀኝ ነበር። ላዩ ላይ ልጃቸው በእሳቸው ቃል የጻፈው ወረቀት፦ «ሳትበዪ እንዳትተኚ።»

እሑድ ግን መሬት አላስነካ አሉን። መኮትኮቻውን ባለቤቴ ሲያነሳ «ሰንበት ነው፣ አስቀምጥ! ደግሞስ የዚህ አገር ሕግ ይከለክላል አላላችሁም?» ሕጉ የሚከለክለው ሞተሩን እንጂ አረም መንቀሉን አለመሆኑን ብናስረዳም አልተቀበሉንም። እናም ተቀመጥን። እውነት ለመናገር እሳቸው እስኪመጡ ድረስ ያገኘነውን እሑድ እንኳ በኩትኳቶ፣ በልብስ አጠባና በስልክ ነበር የምንጨርሰው። ባልና ሚስት ምንም ሳይሠሩ ሦስት ሰዓት አብረው መቀመጥ ለካ ልምምድ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሰዓት ላይ የምናወራው ስለ ፈረቃ ነበር። በሁለተኛው ላይ ባለቤቴ በልጅነቱ ከአያቱ ጋር ወፍጮ ቤት ስለሚሄድበት መንገድ አወራ። በትዳራችን ዘመን ሰምቼው አላውቅም።

በሰኔ አማቴን ያስቸገራቸው ፀሐይዋ ነበረች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ነው የምትጠልቀው። «ገና በጠራራው እራት አይበላም» እያሉ ያስርቡን ነበር።

አንድ እሑድ ሥራ ቦታዬን ማየት ፈለጉና አስፈቅጄ ወሰድኳቸው። ጀርመኖች እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡናና ኬክ ይወዳሉ፤ እኛም ለአረጋውያኑ ጠረጴዛውን በአበባ አሳምረን እናቀርባለን። አማቴ የመጡት «ፈረንጅ ወላጁን ይጥላል» የሚለውን ወሬ ይዘው ነበር። ያዩት ግን ሌላ ነው፦ ከሩቅ ከተማ በባቡር መጥቶ የእናቱን ጥፍር የሚቆርጥ ሽማግሌ ልጅ። በዚህ አገር እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት በየቤታቸው መሆኑንም ነገርኳቸው። እርግጥ ነው፣ ጠያቂ የሌላቸውም ነበሩ። አማቴ ከአንዲቷ አጠገብ ተቀምጠው እጇን ይዘው ዋሉ፤ ቋንቋ አልነበራቸውም።

ሐምሌ ላይ ሸኘናቸው። ከዚያ የብርዱ ወራት መጣ፤ ውኃው እንዳይበርድና ቧንቧው እንዳይፈነዳ ተብሎ አትክልት ቦታው ላይ ይዘጋል። በታኅሣሥ ሲነጋ ሁለት ሰዓት አልፏል፣ ሲመሽ አስር ተኩል አልሞላም። ጥንዶች የሚኮራረፉት በዚህ ወቅት ይመስለኛል። እኛ መድኃኒት ያደረግነው ባቡር ነው። ከግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአገሩ ሁሉ በከተማ ትራንስፖርትና በአካባቢ ባቡሮች የሚያስኬድ የወር ቲኬት አለ፤ በ49 ዩሮ ተጀምሮ ዋጋው ጨምሯል፣ ግን አሁንም ያዋጣል። ቴርሞስ ሻይና አምባሻ ይዘን ራይን ወንዝን ተከትለን እስከ ሩደስሃይም እንሄዳለን። የወይን ተክል ያለበት ዳገት፣ ኮረብታ ላይ የቆሙ አሮጌ ግንቦች፣ በመስኮት በኩል። እዚያ ደርሰን ብዙም አንሠራም፤ ዞር ዞር ብለን እንመለሳለን። ባቡር ውስጥ ማንም ተነስቶ ዕቃ ማጠብ ስለማይችል ጨዋታው ይረዝማል።

ቢጫ ወረቀቶቹ አሁንም አሉ። ፈረቃው አልተቀየረም፤ ቤት ኪራዩም አልቀነሰም።

ልጆቻችሁ በዚህ በኩል ላሉ ወላጆች አንድ ነገር ልንገር፦ በየዓመቱ በመጋቢትና በጥቅምት የመጨረሻ እሑዳቸው እዚህ ሰዓት ይቀየራል። ስለዚህ በፀሐዩ ወራት ከእናንተ በአንድ ሰዓት፣ በብርዱ ወራት በሁለት ሰዓት ወደኋላ ነን። የእሑድ ቡናችን በእናንተ አቆጣጠር በፀሐዩ አስር ሰዓት፣ በብርዱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ደውሉ፤ ሁለታችንም ቤት ነን።