ወንጌሉን ማን አደረሰው?

ፍሬምናጦስ አክሱም የገባው ለስብከት አልነበረም። በ4ኛው መቶ ዘመን የተሳፈረበት መርከብ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተይዞ ባልንጀሮቹ ሲገደሉ፣ ይህ የጢሮስ ወጣት ኤዴስዮስ ከሚባል ሌላ ወጣት ጋር ተርፎ ቤተ መንግሥት ገባ። በኋላ ሥልጣን ባገኘ ጊዜ በአገሩ የሚነግዱ ክርስቲያኖችን ፈልጎ የጸሎት ስፍራ እንዲያበጁ አበረታታቸው። ወደ እስክንድርያ ተሻግሮ ጳጳስ ይላክልን ቢል ቅዱስ አትናቴዎስ የሾመው ራሱን ነው፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸው እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በንጉሥ ኢዛና ሳንቲም ላይ የጨረቃው ምልክት ቀርቶ መስቀል ታየ።

ይህ አጀማመር በኋላ ዘመንም መልኩን እየለወጠ ይመላለሳል። እምነት ከአንዱ ማኅበረሰብ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር አሻጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ከሕዝቡ ጋር የሚኖር፣ ቋንቋውን የሚናገርና መከራውን የሚካፈል ሰው ነው። ተስዓቱ ቅዱሳን በሰሜን ተራሮች፣ አባ ኢየሱስ ሞአ በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሸዋና በዳሞት ሲያስተምሩ ገዳሙ መኖሪያም ትምህርት ቤትም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው የኦነሲሞስ ነሲብና የአስቴር ጋኖ ታሪክ ነው። ኦነሲሞስ በልጅነታቸው ከኢሉባቦር ተፈንግለው በባርነት ተሸጡ፤ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። አስቴርም ከባርነት የወጣች ወጣት ነበረች። ከአገራቸው ርቀው በምጽዋ አጠገብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልሱ፣ እሷ ከሕዝቡ አፍ የምታውቃቸውን ቃላት፣ ተረቶችና ዘፈኖች እየሰበሰበች ለትርጉሙ ስንቅ ሆነች። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ፊደሉም የግእዝ ነበር። ኦነሲሞስ በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምት ሲገቡ ገበሬው በገዛ ቋንቋው ሲሰበክለት ሰማ። ክስና ክልከላ ቢያሳድዳቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው ማስተማራቸውን አልተዉም።

የወላይታው ታሪክ ደግሞ የውጭ ሰው በሌለበት የሆነ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. አገሩን የያዘው ጣሊያን በወላይታ የነበሩትን ሚሲዮናውያን ሲያስወጣ የቀሩት የተጠመቁ አማኞች ጥቂት ደርዘን ብቻ ነበሩ። በእጃቸው የነበረውም በወላይትኛ የተተረጎመ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል እንጂ ሙሉ መጽሐፍ አልነበረም። መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ ዋንዳሮን የመሳሰሉት ተገረፉ። እስር ቤቱ ቀለብ ስለማይሰጥ የእስረኛ ምግብ የዘመድ ጣጣ ነበር። አማኞቹ ስንቅ በስንቅ ላይ እያመላለሱ ሲያደርሱ ጎረቤት ያየው ይህንን ነው፤ ዘመድ ላልሆነ ሰው እንዲህ መድከም ምን ይሆን ብሎ ጠየቀ። ሚሲዮናውያኑ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቋቸው። ከዚያም የወላይታ ወንጌላውያን ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሌሎች የደቡብ ሕዝቦች ወጡ፤ ቋንቋ እየለመዱ፣ እርሻ እያረሱ አስተማሩ።

በከተማ የእምነቱ ተሸካሚዎች ተማሪዎች ሆኑ፤ በኦርቶዶክሱም በወንጌላውያኑም ዘንድ። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲታሸጉ ጸሎቱ ወደ ሳሎን ገባ። ቡና ይፈላል፣ በር ይዘጋል፣ መዝሙር በሹክሹክታ ይዘመራል። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 እ.ኤ.አ. ስትዘጋ 5,000 ያህል የነበሩት አባሎቿ ሥርዓቱ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 እ.ኤ.አ. ተገድለዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1972 እ.ኤ.አ. ለምዕራባውያን ረጂዎች የላከችው ደብዳቤ፣ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ከፍሎ አንዱን ብቻ ማገልገል አይቻልም የሚል ነበር። ዛሬም የተራበን እየመገቡ ዝም ማለት ይሻላል የሚሉና ስብከት ብቻ ይበቃል የሚሉ ሲከራከሩ ያ ደብዳቤ ሊነበብ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ተሸካሚዎቹ የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ናቸው። በቤይሩትና በዱባይ በዕረፍት ቀናቸው ተሰብስበው ይጸልያሉ። ከእስልምና ውጭ ያለ የአደባባይ አምልኮ በማይፈቀድባት በሳዑዲ ዓረቢያ በየቤቱ በጥንቃቄ ይገናኛሉ። ደመወዟ የተያዘባትን የምታጽናናው፣ ለታመመችው ገንዘብ የምታዋጣው አብራት የምትጸልየው ጓደኛዋ ናት።

ያልተፈታው ነገር ከደጃችን ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና በከፋ ማንጆ የሚባለው ወገን ለዘመናት ተንቀው ኖረዋል። ብዙዎቹ እምነቱን ተቀብለዋል፤ ባንድ ጣሪያ ሥር ያመልካሉ። ጋብቻ ሲነሳ ግን አሁንም ዘር የሚቆጥር ወላጅ አለ፤ አብሮ መብላትም በየቦታው እኩል አልተለመደም። ሰባኪ ለማሠልጠን የሚወጣው ገንዘብና ድካም በዚህ ላይ ሲውል እምብዛም አይታይም፤ የአጥቢያ ሽማግሌዎችም ጉዳዩን ከመድረክ የሚያነሱት ከስንት አንዴ ነው።